የጌም ቤት ውድድርን በልብ ወለድ መጻፍ፦ ደሴንና ኮምቦልቻን መቼት ለሚያደርጉ ዝርዝር መመሪያ

የፕሌይስቴሽን ቤት ውድድርን ታሪካቸው ያደረጉ ወጣት ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ግጥሚያው ሲጀመር ልብ ወለዱ ይቆምና የሬዲዮ የኳስ ስርጭት ይጀምራል። አቀበለ፣ ተቀበለ፣ መታ፣ ጎል! ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። ጌም የማያውቀው አንባቢ ይሰለቻል፤ የሚያውቀው ደግሞ ገና በሦስተኛው መስመር ስህተት ያገኝና ይተወዋል። ሁለቱም እንዳይሸሹ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። በተለይ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ሳትጨርሱ አንድም ትዕይንት አትጻፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ደብተርና ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ያዙ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጌም ቤት ሂዱ፤ አንዱን በሥራ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ሌላውን ቅዳሜ ወይም እሑድ። መጀመሪያ ስትሄዱ አትጫወቱ። ተራ ጠባቂዎቹ መሐል ተቀምጣችሁ እዩ፤ ጆይስቲክ የያዘ ሰው ከስክሪኑ ውጭ ምንም አያይም፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ከስክሪኑ ውጭ ያለውን ነው።

ቤቱን ለሚይዘው ሰው ለምን እንደመጣችሁ ንገሩት። ልጆችን ቪዲዮ አትቅረጹ፤ የማንንም እውነተኛ ስም ታሪካችሁ ውስጥ አታስገቡ። የሰፈሩን ስም እንዳለ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ ማለት ምንም ችግር የለውም። ጌም ቤቱን ግን ራሳችሁ ፍጠሩት።

ደረጃ 1፦ ጌሙን፣ ዕትሙንና ዘመኑን ቁረጡ

“ጌም ይጫወታሉ” ብሎ ማለፍ አይሠራም። አንድ ጌም፣ አንድ ዕትም፣ አንድ ማሽን ምረጡ።

ለመጀመሪያ ታሪክ የእግር ኳስ ጌም ይሻላል። ሕጉን አንባቢው ከሜዳ ያውቀዋል፤ ሁለቱ ተፎካካሪዎችም አንድ መደብ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ስለሚጫወቱ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል። ፐብጂ ሞባይል በስልክ የሚጫወቱት፣ እስከ 100 ተጫዋች የሚሰለፍበት የተኩስ ጌም ነው፤ ባላጋራው አይታይም፣ ኔትወርክም ያስፈልጋል። ለሁለተኛ ታሪካችሁ አቆዩት።

ጌም የሚያውቁ አንባቢዎች ቶሎ የሚይዟቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦

“ፊፋ 24” የሚባል ጌም የለም። ኢኤ የተባለው ኩባንያ የእግር ኳስ ጌሙን ፊፋ በሚለው ስም ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው ፊፋ 23 ላይ ነው፤ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። ተራኪው በትክክለኛው ስም ይጥራው። ገጸ ባሕርያቱ ግን “ፊፋ” ቢሉ ልክ ነው፤ ብዙ ልጆች ዛሬም እንዲያ ነው የሚሉት።

ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የወጣው የመጨረሻው ፊፋ፣ ፊፋ 19 ነው። አሮጌ ማሽን ባለበት ቤት ፊፋ 22 አታጫውቱ።

ፊፋ 18 ላይ ሮናልዶ የሪያል ማድሪድ ነው፣ ፊፋ 19 ላይ የጁቬንቱስ። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 22 ደግሞ ጁቬንቱስ ስሙ ተቀይሮ “ፒዬሞንቴ ካልቾ” ተብሎ ነው የሚገኘው። ልጁ ጁቬንቱስን ሲፈልግ አጥቶ ጓደኛው የሚያሳየውን ቅጽበት ብትጽፉ፣ ዘመኑን ሳትናገሩ ዘመኑ ይታወቃል።

አዝራሮቹም ይለያያሉ። ፊፋ ላይ ወደ ግብ የሚመታው ክቧ ናት፤ ካሬዋ ታሻማለች። ፔስ በሚባለው ሌላ የእግር ኳስ ጌም ላይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ካሬዋ ትመታለች፣ ክቧ ታሻማለች። ፔስ የለመደ ልጅ ፊፋ ሲይዝ በረኛው ፊት ደርሶ ያሻማል። የአንድ ሰው እጅ የት እንዳደገ በአንድ መስመር የምትነግሩበት መንገድ ነውና አትለፉት።

ዘመኑን ስትመርጡ ደግሞ የአካባቢውን ታሪክ አትርሱ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ በዚያ ወር የልጆች ውድድር አካሂዳችሁ ብትጽፉ የወሎ አንባቢ ይቅር አይላችሁም። ከሐምሌ ማብቂያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ወራት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ታሪካችሁ በዚያ ጊዜ ከሆነ በስልክ ኦንላይን መጫወት አይኖርም፣ ጌም ቤት ውስጥ ጎን ለጎን መጫወት ግን ኢንተርኔት አይፈልግም።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን ሥሩ

ደብተራችሁ ላይ የክፍሉን ንድፍ ሣሉ። ስንት ቴሌቪዥን አለ? በሩ ሲከፈት ብርሃኑ የትኛው ስክሪን ላይ ያርፋል? ተራ ጠባቂው የት ይቀመጣል? ከመንገድ የሚያልፍ ሰው (አባት፣ መምህር፣ አበዳሪ) ማንን ማየት ይችላል? ዲቫይደሩ የት ነው? ሁለት ማሽንና ሁለት ቴሌቪዥን አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው ገመዱ መደቡ ሥር ካለፈ፣ የማንም እግር ፍጻሜውን ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚያ ከተማውን በእጅ ላይ አሳዩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ጣት ይደነዝዛል፤ ልጁ ተራው እስኪደርስ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል፣ በትንፋሹ ያሞቃል። ኮምቦልቻ ላይ መዳፍ ያልባል፤ ጆይስቲኩን ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ አውራ ጣቱም አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው አጭር ዱላ) ላይ ይንሸራተታል። የኮምቦልቻ ልጅ ለውድድር ደሴ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሸነፈው ለብርዱ ነው። ይህን ያልተጠቀመ ታሪክ አዲስ አበባም አዳማም ቢደረግ ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ ጆይስቲኮቹን ቁጠሩና ጠባያቸውን መዝግቡ። ብዙ ያገለገለ ጆይስቲክ አናሎጉ ይላላና ጣት ሳይነካው ተጫዋቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። የቤቱ ደንበኞች የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ፤ እንግዳው አያውቅም። ቴሌቪዥኖቹም እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ትእዛዙን ዘግየት አድርጎ ያሳያል፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ጌም ሞድ (መዘግየቱን የሚቀንሰው ምርጫ) ካልተደረገ ችግሩ ይብሳል። ማን የትኛውን ጆይስቲክ፣ ማን የትኛውን ስክሪን እንደሚያገኝ የሚወስነው ሰው በታሪካችሁ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ለእሱ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ስጡት።

ደረጃ 3፦ የቤቱን ሕግ አንድ ገጽ ላይ አስፍሩ

መልሶቹን እናንተ ወስኑ፤ ከወሰናችሁ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሩ።

1. ክፍያው በጨዋታ ነው በሰዓት? የተሸነፈ ነው የሚከፍለው ወይስ እኩል?
2. ያሸነፈ ይቀመጣል ወይስ ሁለቱም ይነሣሉ?
3. አንዱ አጋማሽ ስንት ደቂቃ ነው?
4. ፖዝ፣ ማለትም ጨዋታውን ለጊዜው ማቆም፣ መቼ ይፈቀዳል? (ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ብቻ የሚሉ ቤቶች አሉ፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ ጥሩ ጠብም ይወጣዋል።)
5. ሁለቱም አንድ ቡድን መምረጥ ይችላሉ?
6. አቻ ሲሆን ጭማሪ ሰዓት አለ ወይስ ቀጥታ ፔናሊቲ?
7. መብራት ቢሄድስ?

ሰባተኛውን ረጋ ብላችሁ አስቡበት፤ ከሁሉም በላይ ታሪክ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚጫወቱት ግጥሚያ መሐል መብራት ሲሄድ ውጤቱ የትም አይቀመጥም። መብራት ሲመጣ ፕሌይስቴሽን 4 በአግባቡ እንዳልጠፋ የሚገልጽ መልእክት ያሳይና ማከማቻውን መፈተሽ ይጀምራል፤ ክፍሉ ሙሉ ሰው ሰማያዊውን ስክሪን እያየ ይጠብቃል። 3 ለ 1 ይመራ የነበረው “ከቀረው ደቂቃ እንቀጥል” ይላል፤ የተመራው “ከዜሮ” ይላል። ማስረጃው የተመልካቾች ምስክርነት ብቻ ነው። ማን እውነቱን ይናገራል? ማን ዝም ይላል? የአንድ አጭር ልብ ወለድ ሙሉ ጉዳይ ነው። ሕጉን ግን ቀድማችሁ ትከሉት፤ መብራቱ ከሄደ በኋላ ሕግ ብታወጡ አንባቢው የጸሐፊውን እጅ ያያል።

ደረጃ 4፦ ሰንጠረዡንና ሰዓቱን አስሉ

ጥሎ ማለፍ ከሆነ የጨዋታው ብዛት ከተጫዋቹ በአንድ ያንሳል። 16 ልጅ 15 ጨዋታ ነው፤ ፍጻሜ የሚደርስ ልጅ 4 ጊዜ ይጫወታል። በምድብ ከጀመራችሁ አራት አራት ልጅ ያለባቸው 4 ምድቦች 24 ጨዋታ ይወስዳሉ፤ ከየምድቡ ሁለት ሲያልፉ 7 ይጨመራል፣ ድምሩ 31። ለአጭር ልብ ወለድ ይበዛል።

አሁን ሰዓቱን አስሉ። አንዱ አጋማሽ 6 ደቂቃ ከሆነ ጨዋታው 12 ደቂቃ ነው፤ ቡድን መምረጫውን፣ ዕረፍቱንና ወንበር መቀያየሩን ጨምሩበትና 17 አድርጉት። በአንድ ቴሌቪዥን 15 ጨዋታ 4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። ከቀኑ 8 ሰዓት የተጀመረ ውድድር የሚያልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ መግሪብ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ፍጻሜው ላይ አዛን ይሰማል። ግማሹ ተመልካች ወደ መስጊድ ይወጣል፣ ከሁለቱ ተፎካካሪዎች አንዱም ልቡ እዚያ ነው፣ እናት ደግሞ ልጇን ፍለጋ የምትወጣው በዚሁ ሰዓት ነው። ስሌቱን ስለሠራችሁ ብቻ ያገኛችሁት ትዕይንት ነው።

ረመዳን ከሆነ ሰዓቱን አዙሩት፤ ከተራዊህ በኋላ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ተጫዋቹ ከስክሪን ውጭ የሚያጣውን ወስኑ

እያንዳንዱ ዋና ተጫዋች ሦስት ነገር ይኑረው፦ ቢሸነፍ ከቤቱ ውጭ የሚያጣው፣ አንድ የእጅ ልማድ፣ ባላጋራው የሚያውቅበት አንድ ድክመት። ዋንጫና ገንዘብ ብቻ አይበቃም። ለታናሽ ወንድሙ የገባው ቃል፣ ከእናቱ ለዳቦ የተሰጠውና ለመመዝገቢያ የከፈለው ብር፣ ከዓመት በፊት የተጣላው ጓደኛ ይሻላሉ።

አስይዘው የሚጫወቱ ልጆችን ከጻፋችሁ የተሸነፈው ቤት የሚገባበትን ምሽት ጻፉ። ያሸነፈውን ብቻ ማሳየት ውሸት ነው።

ደረጃ 6፦ ግጥሚያውን ጻፉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ሀ. ሰዓቱን ቀይሩ። አጋማሹ 6 ደቂቃ ሲሆን ስክሪኑ ላይ የምትታየው አንዷ “ደቂቃ” በእውነተኛው ሰዓት 8 ሰከንድ ናት። ከ80ኛው እስከ 90ኛው ደቂቃ 80 ሰከንድ ብቻ ነው። በ88ኛው ደቂቃ ላይ አሥር መስመር ምልልስ የጻፈ ሰው ጨዋታውን አስቁሟል ማለት ነው። ረዘም ያለ ንግግር ፖዝ ላይ፣ ዕረፍት ላይ፣ ጎል ገብቶ ሪፕሌይ ሲታይ አድርጉት። ሪፕሌዩን በአዝራር ማሳለፍ እንደሚቻልም አትርሱ፤ ያገባው ልጅ ሳያሳልፍ እስከ መጨረሻው ካስቆየው ሆን ብሎ እያናደደ ነው።

ለ. ሦስት ቅጽበት ብቻ ምረጡ። አንደኛው የባላጋራው ጠባይ የሚገለጥበት፣ ሁለተኛው ከደረጃ 2 ወይም 3 የተከላችሁት ነገር የሚፈነዳበት፣ ሦስተኛው ተጫዋቹ የሚመርጥበት። ቀሪውን ጨዋታ በአንድ ዐረፍተ ነገር እለፉት፦ “እስከ ዕረፍት ማንም አላገባም።”

ሐ. አድራጊውን ለዩ። “ሰይድ ለሳላህ አቀበለው፤ ሳላህ መታ” ስትሉ ጆይስቲኩን የያዘው ሰይድ ይጠፋና ስክሪኑ ላይ ያለው ሳላህ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። ተራኪው ጣቱን ይከተል፤ ስክሪኑ የጣቱ ውጤት ይሁን።

መ. ግሡን አቅርቡት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ዐረፍተ ነገር ፈጣን ድርጊትን ያዘገየዋል። ፍጥነት ሲያስፈልጋችሁ “ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ ቆርጦ” እያላችሁ ሰንሰለት ሥሩና በአጭር ግሥ ዝጉት፤ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ያላት ዐረፍተ ነገር ትምጣ። ሰንሰለቱ ከአራት ካለፈ ግን አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል።

እንዲህ ከሆነ ወድቋል፦

“ሰይድ ኳሷን በፍጥነት እየነዳ ሦስት ተከላካዮችን አልፎ በሚያስደንቅ ሁኔታ መታት። ጎል! ሁሉም በደስታ ጮኹ።”

እንዲህ ሞክሩት፦

“85ኛው ደቂቃ። ሰይድ ግራ አውራ ጣቱን ከአናሎጉ ላይ አነሣ። ተከላካዩ አልቆመም፤ ብቻውን ወደ ግራ ተንሸራትቶ መሐሉን ከፈተው። ‘ጆይስቲኩ ነው’ ሊል አፉን ከፈተ። ከኋላው አሥር ልጅ ቆሟል። ይህንኑ ጆይስቲክ ጠዋት ለትንሹ ኑሩ ሰጥቶ ‘ምንም አልሆነም፣ አንተ ነህ’ ያለው እሱ ራሱ ነው። አፉን ገጠመ። አውራ ጣቱን መልሶ ወደ ቀኝ ገፍቶ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሐሳቡ አንድን ተከላካይ ባለበት በማቆም አለቀ።”

እዚህ ውስጥ ጎል የለም። አናሎጉ መላላቱ ደረጃ 2 ላይ ስለተተከለ ማብራሪያ አልፈለገም። ዝም ማለቱ ምርጫ ነው፤ የሚያስከፍለውም ወዲያው ጣቱ ላይ ታየ። ይህን ሳትሠሩ ወደ ፍጻሜው አትሂዱ።

ደረጃ 7፦ ንግግሩን አስተካክሉ

ተጫዋቾች ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው በራሳቸው ነው የሚጠሩት፤ “አገባሁብህ”፣ “ቆረጥኩህ”፣ “ኧረ ገፋኸኝ!” ይላሉ። ተራኪው ይህን አይውሰድ፤ የገጸ ባሕርያቱ ብቻ ይሁን።

አጠራሩን ጠብቁ። በዕድሜ ከፍ ያለውን “አያ ሙሄ”፣ እኩያን “አንተ”፣ በሩ ላይ የመጡትን አዛውንት “አንቱ” ይበሉ። ጠብ ሲነሣ “አያ” የሚለው ቀርቶ ስሙ ብቻ ሲጠራ አንባቢው ደፍሮታል ብሎ ይረዳል።

“አብሽር” በየመስመሩ አይግባ። የተሸነፈ ልጅ ትከሻ ላይ እጅ ሲያርፍ አንድ ጊዜ ይባል፤ እዚያ ክብደት አለው። መሐላም እንደ ሰዉ ይሁን፤ አንዱ “ወላሂ” ሲል ሌላው “በማርያም” ይላል፣ ሁለቱም እዚያው መደብ ላይ ናቸው። በወሎ የልጁ ስም የሙስሊም፣ የአባቱ የክርስቲያን መሆኑ የተለመደ ስለሆነ ስም ስትሰጡ ተጠቀሙበት፤ ለማብራራት ግን አትቁሙ።

የጌም ቃላትን አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ዝርዝር ያዙ፤ አንድ ቦታ “ጆይስቲክ”፣ ሌላ ቦታ “ጆስቲክ” አይሁን። ትርጉማቸውን በድርጊት ስጡ፦ “ፖዝ አደረገው፤ ኳሷ አየር ላይ ቀረች።”

ደረጃ 8፦ ፈትኑት

ለሁለት ሰው ስጡ። ጌም የሚያውቀው ስህተት ያለበትን ያስምር። የማያውቀው ዘሎ ያለፈበትን ያስምር። ሁለቱም ያሰመሩበት አንቀጽ ይውጣ፤ ለማዳን አትድከሙ። ከዚያ በጨዋታ መሐል ያለውን ምልልስ ድምፃችሁን አሰምታችሁ እያነበባችሁ በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ስክሪኑ ከሚፈቅደው 8 ሰከንድ ስሌት ካለፈ ቁረጡት።

ሲበላሽ

ማን እንደሚመራ አንባቢው ግራ ከተጋባ፦ በየቅጽበቱ መጀመሪያ ደቂቃውንና ውጤቱን አንድ ጊዜ ጥቀሱ፤ ቡድኖቹንም በማልያ ቀለም ለዩ።

ማን እንደሚያሸንፍ ከመጀመሪያው ከታወቀ፦ ዋናው ልጅ በግማሽ ፍጻሜ ይሸነፍና ፍጻሜውን ቆሞ ይይ። ቤቱን የሚይዘው ሰው ሒሳብ እንዲሰበስብ ቢያዘውስ? ያኔ የእያንዳንዱን ተመልካች ፊት የማየት ምክንያት አገኛችሁ።

ታሪኩ ከክፍሉ መውጣት ካቃተው፦ መብራቱን አጥፉ። ሁሉም ደጅ ይወጣል፤ ውጭ ብርድ አለ፣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች፣ ስክሪኑ ፊት ሊባል ያልቻለው ነገር እዚያ ይባላል። መብራቱ ግን በታሪኩ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሂድ፤ ሁለተኛው ማምለጫ ይመስላል።

ሴት ተጫዋች አስገብታችሁ ትዕይንቱ “ሴት ሆና አሸነፈች” ከሚለው ካላለፈ፦ ደረጃ 5ን ለእሷ እንደገና ሥሩ። ልማድና ድክመት የሌላት ሆና ነው የተጻፈችው።

ኦንላይን ግጥሚያ የግድ ካስፈለጋችሁ፦ ፒንግን፣ ማለትም ትእዛዙ በኔትወርክ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ አስገቡ። ፒንጉ 150 ሚሊሰከንድ ሲሆን በሰከንድ 60 ሥዕል በሚያሳይ ጌም ላይ መልሱ 9 ሥዕል ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ልጁ ይህንን በቁጥር አያውቀውም፤ ኳሷ ሳትደርስ ቀድሞ መጫን እንዳለበት ግን ጣቱ ለምዷል። ያው ልጅ ጌም ቤት መጥቶ ጎን ለጎን ሲጫወት ሁሉን ነገር ቀድሞ ይጫናል፣ ተከላካዩ ባዶ ሜዳ ላይ ይንሸራተታል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎሎችም የሚገቡበት በዚህ ነው። ሦስተኛው ሳይገባ ጣቱን እንዲያዘገይ አድርጉት፤ እንዴት እንደሚማር ጻፉ።